ውሃው እንዴት አደረ?

አላምረው ከሐይቁ ዳር ቆሞ ብርጭቆውን ወደ ከንፈሩ ሲያነሳ አንድ የሞተ ዓሣ ነጭ ሆዱን ወደ ሰማይ ሰጥቶ እየተንሳፈፈ መጣና ከእግሩ ሥር ቆመ። ከኋላው ሌላ፣ ከሌላው ኋላ ደግሞ አምስት ስድስት። አላምረው አንዴ ዓሣውን፣ አንዴ ብርጭቆውን አየ። ከዚያ ውሃውን ሳይቀምስ መሬት ላይ ደፋው።

«አያ አላምረው፣ ውሃው እንዴት አደረ?» አለች ሳሊሀ ከጀርባው። የጀሪካኗን ገመድ እያሰረች ስለነበር የተደፋውን አላየችም።

«ደህና አላደረም» አላት። «ማንም እንዳይቀዳ። ከብትም እንዳይጠጋ።»

ሴቶቹ ቢጫ ጀሪካኖቻቸውን እንደያዙ ደርቀው ቀሩ። በስድስት ዓመት ውስጥ ይህን ቃል ከአፉ ሰምተው አያውቁም።

ሀሮ ትንሽ ሐይቅ ናት። ከቆቦ ወደ ዋጃ የሚሄደውን አስፋልት ትቶ ወደ ምሥራቅ አንድ ሰዓት በእግሩ የተጓዘ ሰው ያገኛታል። ስሟ ከድሮው ኦሮምኛ የቀረ ነው፣ ትርጉሙም ሐይቅ ማለት ነው ይላሉ ሽማግሌዎቹ። ሐይቅን «ሐይቅ» ብሎ መሰየም ስንፍና ቢመስልም፣ በዚያ አካባቢ ሌላ ሐይቅ ስለሌለ የሚያሳስተው ሰው የለም። መንደሩ የሚጠጣው ከእሷ ነው፤ ስለዚህ ሕግ አላት። ሳሙና አይነካትም። ባጃጅ አይታጠብባትም። ከብት የሚጠጣው በገንዳ ተቀድቶለት ነው። ማሳውን የተባይ መድኃኒት የረጨ ሰው መርጫውን ከዳርቻዋ ሦስት መቶ እርምጃ ርቆ በደረቁ ወንዝ አሸዋ ላይ ያጥባል፤ ጠርሙሱንም እዚያው ይቀብራል። በየማለዳው ደግሞ መንደሩ የመረጠው የውሃ አባት አንድ ብርጭቆ ቀድቶ ወደ ፀሐይ አንስቶ ያያል፣ ያሸታል፣ ይጠጣል። እሱ ሳይጠጣ ማንም አይቀዳም።

አላምረው የውሃ አባት ከሆነ ስድስተኛ ዓመቱ ነው፤ ሚስቱ ተናኜ ከሞተች ደግሞ አራተኛው። አንዲት ልጁ ሔራን አግብታ ደሴ ትኖራለች። እውነቱን ለመናገር፣ ከዚያች የማለዳ ብርጭቆ በቀር እሱን ከሰው ጋር የሚያገናኘው ነገር አልቀረም ነበር። «ውሃው እንዴት አደረ?» ይሉታል ሴቶቹ። «ደህና አደረ» ይላል። ቀድተው ይሄዳሉ። አንተስ እንዴት አደርህ የሚለው የለም። ቢሆንም ያቺኑ ጥያቄ ለመስማት ሲል ዶሮ ሳይጮህ ይነሳል።

የዘራውን ነው ያጨደው የሚሉ አሉ። አምና ጎረቤቱ ደጀን ባጃጁን ከሀሮ ዳር ሲያጥብ ተያዘ። ይህ ደጀን ማለት ተናኜ በሞተች ሰሞን ቤቱን ትቶ አርባ ቀን ሙሉ ከአላምረው ጋር ያደረ ሰው ነው። መንደሩ በማስጠንቀቂያ ሊያልፈው ዳር ዳር ሲል አላምረው «ሕግ ጎረቤት የለውም» ብሎ ሦስት ወር እሳትና ውሃ እንዲከለከል ፈረደበት። እሳትና ውሃ የተከለከለ ሰው ቤት ማንም አይገባም፤ ሰላምታ አይሰጠውም፤ ከሰው ጋር አብሮ አይሠራም፤ ፍም አይበደርም። የደጀን ሚስት ፍሬሰላም ክብሪት ልትገዛ ሄዳ ከሱቅ በር ባዶ እጇን ተመለሰች። በሁለተኛው ወር ዕቃቸውን እዚያችው ባጃጅ ላይ ጭነው ወደ ጎብዬ ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ሰው አላምረውን ያከብረዋል። ግባና እህል ቅመስ ብሎ ግን አይጠራውም።

ሙዓዊያ፣ የውሃ ኮሚቴው ጸሐፊ፣ ወሬውን ሰምቶ እያለከለከ ደረሰ። ሁለቱ ዳር ዳሩን ይዘው ዞሩ። የሳሊሀ ሁለት ፍየሎች ከሸምበቆው ሥር ሆዳቸው ተነፍቶ ወድቀዋል። ጎርፍ ወደ ሀሮ የሚገባበት ቦይ አፍ ላይ ሲደርሱ ሙዓዊያ ጎንበስ አለና ከደለሉ ውስጥ አንድ ጠርሙስ መዝዞ አወጣ። የተባይ መድኃኒት ጠርሙስ ነው። ክዳን የለውም፤ በቀይ ጨርቅ ተወትፎ ጨርቁ ግማሽ በግማሽ ወጥቷል።

«አገኘነው!» አለ ሙዓዊያ። «የኡበይድ ነው። እዚህ አገር መድኃኒት እንደ ውሃ የሚረጭ ከሱ ሌላ ማን አለ? ሽንኩርቱን በመድኃኒት አይደል እንዴ የሚያሳድገው!»

ኡበይድ ከዋጃ መጥቶ መሬት ተከራይቶ የሚያርስ ሰው ነው። ሁለት ዓመቱ ነው፤ ለመንደሩ ግን ዛሬም እንግዳ ነው።

አላምረው ዓይኑን ከጨርቁ አልነቀለም። ጨርቁን ያውቀዋል። የተናኜ ሻሽ ነው።

ማክሰኞ ዕለት ማሽላው ላይ ተምች ወርዶበት ረጭቶ ነበር። የጠርሙሱ ክዳን ቢጠፋበት ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው ሻሽ ጫፉን ቀደደ። እጁ እንቢ ብሎት ነበር፤ ነገር ግን ቤት ውስጥ ሌላ ጨርቅ አላገኘም። ረጭቶ ሲጨርስ እንደ ሕጉ ሦስት መቶውን እርምጃ ቆጠረ፤ እንዲያውም ሃያ ጨመረበት። በደረቁ ወንዝ አሸዋ ላይ መርጫውን አጥቦ፣ በውስጡ የተረፈውን ደፍቶ፣ ጠርሙሱን ከነትራፊው ቀበረ። ሕግ በማክበር የሚስተካከለው አልነበረም።

ጉዱ ያለው ወንዙ ላይ ነው። ድሮ ጎርፉ ሀሮን በሩቁ አልፎ ወደ ምሥራቅ ይወርድ ነበር። ዘንድሮ በግንቦት ግን ሐይቋ ሸሽታ ዳርቻዋ ሲሰነጣጠቅ፣ አላምረው ራሱ ሰዉን አስተባብሮ፣ አካፋና የግራር ቅርንጫፍ አሸክሞ፣ ወንዙን በአፈርና በእሾህ ዘግቶ ወደ ሀሮ መለሰው። ሦስት ቀን ሠሩ። በመጨረሻው ቀን ተጨበጨበለት፤ ሼህ ካሊድም ዱአ አደረጉለት። ወንዙን እንዲህ አዞሩት፤ ሕጉን ግን ለማዞር ያሰበ አልነበረም። ትናንት ሐሙስ በቆላው ላይ ጠብታ ሳይወርድ ከምዕራቡ ተራራ ዘነበ። ከቀትር በኋላም ጎርፉ ያገኘውን ሁሉ ጠራርጎ ሀሮ ገባ።

«ምን ሆንህ? ፊትህ አመድ መሰለ» አለው ሙዓዊያ።

«ፀሐዩ ነው።»

«በል ዛሬውኑ ከጁምአ በኋላ አውጫጭኝ እንጥራ። ሰዉ ሁሉ ይማል። ይሄ ሰውዬ ዛሬ ይለይለታል።»

«ጥራ» አለ አላምረው።

ቤቱ ገብቶ መደቡ ላይ ተቀመጠ። ሻሹ ከተሰቀለበት አለ፤ ጫፉ ተተልትሏል። ትናንት የተረፈውን እንጀራ አቀረበና አንዴ ጎርሶ ተወው። ስልኩ ጮኸ። ሔራን ናት።

«አባዬ፣ ምሳ በላህ?»

«እየበላሁ ነው።»

«ከማን ጋር?»

«ሰው ሞልቶኛል፣ ምን ጠፍቶ!» አለ ባዶውን ቤት እያየ።

«ድምፅህ ግን ምን ሆኗል?»

«ኔትዎርኩ ነው። በይ ደህና ዋይ፣ ሰዎቹ እየጠበቁኝ ነው።»

ስልኩን ከዘጋ በኋላ ለረጅም ጊዜ ከእጁ ሳያስቀምጠው ቆየ። ፈርቶ ነበር። በልጅነቱ ከጅብ፣ በጎልማሳነቱ ከጦርነት ሸሽቶ ያውቃል፤ እንዲህ ግን ፈርቶ አያውቅም። ሕጉን አልጣስኩም አለ ለራሱ። ደግሞ ኡበይድ ቢባረር ምን ይጎዳል? ዋጃ ሚስት አለው፣ እናት አለው፣ ወንድሞች አሉት። እሱ የተባረረ ቀን የሚገባበት ቤት አለው። እኔንስ እሳትና ውሃ ቢከለክሉኝ? ማለዳ ተነስቼ ወዴት እሄዳለሁ? ከራስ በላይ ነፋስ ነው እንግዲህ። ይህን ሲያስብ ሻሹ ፊት ለፊቱ ስለሆነ ዞሮ ተቀመጠ።

በሩ ተንኳኳ። የአላምረው በር ከተንኳኳ ብዙ ጊዜ ስለሆነው መጀመሪያ የጎረቤት መሰለው።

«አሰላሙ አለይኩም፣ አያ» አለ ኡበይድ ደጃፉ ላይ ጫማውን እያወለቀ። «እንዴት ዋሉ? ወገብዎት ተሻለዎት?»

አላምረው ደነገጠ። ወገቡን እንደሚያመው ለማን ነበር የተናገረው? በሰኔ መጀመሪያ ገንዳውን ሲጠግኑ፣ ድንጋይ አንስቶ «ኧኸ» ብሎ ነበር፤ ያን ቀን አጠገቡ የነበረው ኡበይድ ነው። ሁለት ወር ሙሉ አልረሳውም ማለት ነው።

«ይሻለኛል። ግባ» አለው።

«አልቀመጥም። ሰዉ በእኔ ላይ ዶልቷል፣ አያ። ከመስጊድ ስወጣ እጄን የጨበጠኝ የለም።»

«ካልሠራህ ምን ያስፈራሃል?»

«ያልሠራሁት ነው የሚያስፈራኝ እንጂ የሠራሁትንማ አምኜ እቀጣ ነበር። እኔ መርጫዬን የማጥበው ማሳዬ ውስጥ በቆፈርኩት ጉድጓድ ነው። በግንቦት ነግሬያችሁ አልነበረም? ወንዙ ወደ ሀሮ ከዞረ ማጠቢያችን ሀሮ ሆነ ማለት ነው ብዬ።»

ነግሯቸው ነበር። አላምረው ያን ቀን አካፋውን ተደግፎ «እንግዳ ሕግ አያወጣም» ብሎት፣ ሰዉም ከት ብሎ ስቆበት ነበር። ኡበይድም አብሮ ስቋል።

«አሁንም ለራሴ ብቻ አይደለም የምፈራው» አለ ኡበይድ። «ወላሂ፣ እኔን አባራችሁ ነገሩ ቢያበቃ እሄድ ነበር። የሰዉ ሁሉ ጠርሙስ ግን እዚያው አሸዋ ውስጥ ነው። ተራራውን አይተውታል? ዛሬም ጠቁሯል። ጥፋተኛው እኔ ከሆንኩ ወንዙን ማን ይመልሰዋል? ተገኘ ብሎ ሰው ቤቱ ይገባል። ጎርፉ አንዴ ከደገመ ሀሮ አበቃላት።»

አላምረው ወደ ውጭ አየ። ከምዕራብ በኩል ተራራው ከነጫፉ ደመና ውስጥ ገብቷል።

«ሂድ። እዚያው እንገናኛለን» አለው።

«እሺ አያ። አብሽሩ» አለ ኡበይድ ጫማውን እያጠለቀ። የሚፈረድበት ሰው ፈራጁን እያጽናና ሄደ።

አውጫጭኝ የሚቀመጡት ከትልቁ ኩርኩራ ዛፍ ሥር ነው። ሰው ሁሉ፣ ወንድም ሴትም፣ በመስመር መሬት ላይ ይቀመጣል። የውሃ አባቱ ፊት ለፊታቸው ድንጋይ ላይ ይቀመጣል፤ ብርጭቆው ከጎኑ ይሆናል። ሼህ ካሊድ ይጠይቃሉ፣ ተጠያቂው በየሃይማኖቱ ይምላል፤ ያየውን፣ የሰማውን፣ ያደረገውን ይናገራል። መጀመሪያ የሚጠየቀው ስሙን ነው። አብሮ አደግ ይሁን የወለዱት ልጅ፣ ሼሁ እንደማያውቁት ሆነው «ስምህ ማነው?» ይሉታል። እዚያ መስመር ላይ ዘመድና ጎረቤት የለም ለማለት ነው።

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ብለው ሼህ ካሊድ ከፈቱት። «እኛ ግን ለማደር ጊዜ የለንም። ሰው ውሃ ጠምቶታል። ስምህ ማነው?»

«ካሕሳይ እባላለሁ» አለ ባለ ሱቁ፣ ለፍሬሰላም ክብሪት የከለከለው። ማለ። ከማለ በኋላ ድምፁ ቀጠነ። «እኔ እርሻም የለኝ። ብቻ ሁለት ዓመት ይሆነዋል፣ ለፋሲካ ነጠላዬን በሳሙና ...»

ሰው ሳቀ። ሼሁም ሳቃቸውን በእጃቸው ከለሉት። «እሱን ወደፊት እናየዋለን። ቀጣይ!»

ሳቁ ያበቃው እዚያ ነው። አንዱ ተነስቶ «ረቡዕ ረጭቻለሁ፤ መርጫዬን እንደ ሕጉ አሸዋው ላይ አጥቤያለሁ» አለ። ሌላው «እኔም እንደ ሕጉ» አለ። አልጋነሽ የምትባለው፣ ባሏ የሞተባት ገበሬ፣ «ሦስት መቶ እርምጃ ቆጥሬ፣ ጠርሙሱን ቀብሬ» አለች። እንደ ሕጉ፣ እንደ ሕጉ፣ እንደ ሕጉ። ሰዉ ይህን እየሰማ ራሱን በአዎንታ ይነቀንቃል። አላምረው ግን ቃሉ በተደገመ ቁጥር የተቀመጠበት ድንጋይ እየጎረበጠው መጣ። ሕጉን ያስከበረው እሱ፣ ወንዙን ያዞረው እሱ፣ ያስጠነቀቀውን ሰው ያሳቀቀው እሱ።

የመጨረሻው ኡበይድ ነበር። ከመስመሩ ጫፍ ተቀምጧል፤ በእሱና ከእሱ በፊት ባለው ሰው መካከል ሁለት ሰው የሚያስቀምጥ ክፍተት አለ። ማንም ሊጠጋው አልፈለገም።

«ስምህ ማነው?»

«ኡበይድ እባላለሁ።» ማለ። ስለ ጉድጓዱ ተናገረ። ማንም አልሰማውም፤ ሰዉ እርስ በርሱ ያንሾካሹክ ነበር። ሙዓዊያ ጠርሙሱን ብድግ አደረገ።

«ይህን ታውቀዋለህ?»

«አላውቀውም።»

«ጨርቁንስ?»

«አላውቀውም አልኩህ እኮ።»

«አያውቅም!» አለ አንዱ ከመሀል። «ታዲያ ከሰማይ ወረደ?» አለች ሳሊሀ፤ ፍየሎቿ ሞተውባታልና ንዴቷ አይፈረድባትም። ጫጫታው ከፍ አለ። ሼህ ካሊድ እጃቸውን አንስተው ጸጥ አሰኙት።

«የውሃ አባት» አሉ ወደ አላምረው ዞረው። «ሁሉም ተጠይቋል። እንግዲህ ፍረድ።»

ሙዓዊያ ጠርሙሱን አምጥቶ ከብርጭቆው አጠገብ አቆመው። ጨርቁ ደርቋል፤ ደለሉ ሲረግፍ ቀይነቱ ወጥቷል። ተናኜ ይህን ሻሽ ለሔራን ሠርግ ነበር የገዛችው። አላምረው መስመሩን ከዳር እስከ ዳር አየው። የሚያያቸውን ሰዎች ሁሉ ይወዳቸው እንደነበር ያወቀው አሁን ነው። ፊታቸው ላይ አንዳች ጥርጣሬ የለም። «ኡበይድ» ቢል ነገ ማለዳም «ውሃው እንዴት አደረ?» ይሉታል። እስኪሞት ድረስ ይሉታል። ከሀሮ የሚቀዳ ውሃ እስካለ ድረስ ማለት ነው።

ከወደ ተራራው የሩቅ ነጎድጓድ ተሰማ።

አላምረው ተነሳ። ወገቡን ይዞ ቀስ እያለ መስመሩን ተከትሎ እስከ ጫፉ ሄደና ከኡበይድ ቀጥሎ መሬት ላይ ተቀመጠ። ኡበይድ ምንም ሳይገባው ጠጋ ብሎ ጥላውን ለቀቀለት። ትከሻቸው ተነካካ።

«ምን መሆንህ ነው?» አሉ ሼህ ካሊድ። «ፍረድ ነው ያልንህ።»

«ሁሉም አልተጠየቀም፣ ሼህ። እኔን ማንም አልጠየቀኝም።»

ሼህ ካሊድ አላምረውን አዩት። በአንድ ዓመት የተወለዱ፣ አብረው ከብት ያገዱ ናቸው። ድንጋዩን አዩት፤ ባዶ ነው። ጠርሙሱን አዩት። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ስምህ ማነው?» አሉ።

«አላምረው እባላለሁ።» በስድስት ዓመት ውስጥ ስሙን ራሱ ሲጠራ የመጀመሪያው ነው። በእምነቱ ማለ። «ጠርሙሱ የእኔ ነው። ጨርቁም የሚስቴ ሻሽ ነው፤ ቀሪው ቤቴ ተሰቅሏል፣ ሄዳችሁ አስተያዩ። እንደ ሕጉ ቀብሬው ነበር። ሕጉ ግን ወንዙን ያዞርን ቀን ሞቷል። ኡበይድ ነግሮን ነበር፤ አፉን ያስያዝኩት እኔ ነኝ።»

ሳሊሀ «ያረቢ!» አለችና አፏን በሻርፗ ሸፈነች። ሙዓዊያ መሬት መሬቱን ያይ ጀመር።

«ለደጀን የፈረድኩትን ለእኔም ፍረዱ» አለ አላምረው። «አንድ ቀን እንዳታጎድሉ። ብቻ ፈርዳችሁ ስታበቁ ቤታችሁ አትግቡ፤ አካፋ ያዙና ወደ ወንዙ ኑ። ጎርፉ ሳይቀድመን ወደ ጥንት መንገዱ እንመልሰው።»

«አንተ ግን ...» አሉ ሼህ ካሊድ። እሳትና ውሃ የተከለከለ ሰው ከሰው ጋር አይሠራም።

«አውቃለሁ» አለ አላምረው በኡበይድ ትከሻ ተደግፎ እየተነሳ። «እናንተ ከዚህኛው ዳር ጀምሩ። እኔ ብቻዬን ከወዲያኛው ዳር እቆፍራለሁ።»

ብርጭቆውን ድንጋዩ ላይ ትቶ አካፋውን ሊያመጣ ወደ ቤቱ ሄደ።